የቤንዚኑን ሞተር ብስክሌት በቤት ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጥ ታሪክ

ያገለገለ የቤንዚን ሞተር ብስክሌት ገዝቶ፣ ሞተሩን ነቅሎ፣ በቦታው የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ ማግባት ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራ የእጅ ሥራ ነው። ነገሩን የሚያይ ሰው የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ይመስለዋል። በታሪክ ሲመረመር ግን በኤሌክትሪክ የሚሄደው ብስክሌት በቤንዚን የሚሄደውን ቀድሞት ይገኛል። በዚህ አጭር ጥናት ልናሳይ የምንፈልገው፣ ይህን ሥራ ከመቶ ዓመት በላይ ያዘገየው የሞተር ማጣት ሳይሆን የባትሪው ክብደት መሆኑን ነው። (ዓመቶቹ፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

በ1881 በሚያዝያ ወር ጉስታቭ ትሩቬ የተባለ የፓሪስ ፈልሳፊ፣ በእንግሊዝ አገር የተሠራ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ወስዶ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ገጠመበት፤ ኃይሉንም ያገኘው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 ከፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ ነበር። በከተማው መንገድ ላይ ሲነዳው ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ልብ እንበል፤ ትሩቬ አዲስ ተሽከርካሪ አልሠራም፤ ሌላው የሠራውን ለወጠ እንጂ። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባሕ የቤንዚን ሞተር ያለውን ባለ ሁለት እግር የሠሩት ከአራት ዓመት በኋላ በ1885 ነው። በ1895 መጨረሻ ደግሞ ኦግደን ቦልተን የተባለ አሜሪካዊ፣ ሞተሩ በኋላ እግሩ መሐል ላይ የተቀመጠ ብስክሌት ፈልስፎ የባለመብትነት ወረቀት ተቀበለ። ዛሬ በየቤቱ የሚገጠመው የቸርኬ ውስጥ ሞተር በሐሳቡ ከዚህ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ሞተሩ ከተገኘ ብስክሌቱ ስለምን ወደ ቤንዚን ዞረ? መልሱ በሒሳብ ይገኛል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9,000 ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት በውስጡ ይይዛል። ትንሽ የሞተር ብስክሌት ሞተር ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ወደ ጉዞ ቢለውጠው እንኳ፣ አምስት ሊትር ቤንዚን 9,000 ዋት ሰዓት የጉዞ ሥራ ይሰጣል ማለት ነው። ይህ ቤንዚን ሲመዘን አራት ኪሎ አይሞላም። የእርሳስ ባትሪ በአንድ ኪሎ ክብደት የሚይዘው ከ30 እስከ 40 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ያንኑ ሥራ ለማግኘት 250 ኪሎ ያህል እርሳስ መጫን ያስፈልጋል። ይህም የአንድ ተራ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ክብደት እጥፍ መሆኑ ነው። ብስክሌቱ ሰው መጫኑን ትቶ ባትሪውን ብቻ ይሸከም እንደማለት ያህል ይቆጠራል።

ስለዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የመለወጡ ሥራ የታየው ቤንዚን በጠፋበት ዘመን ብቻ ነበረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ጀርመኖች በያዟት በቤልጂግ ሶኮቬል የተባለ ኩባንያ በእርሳስ ባትሪ የሚሄድ ትንሽ ሞተር ብስክሌት እየሠራ ሸጠ። በአሜሪካም ቤንዚን በራሽን ሲታደል፣ የሎንግ ቢች ካሊፎርኒያ ነዋሪ የሆነው ሜርል ዊልያምስ ተጎታች ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ለራሱ ሠራ፤ ጎረቤት አይቶ ስለፈለገው በገዛ ጋራዡ እየሠራ ለሌሎችም ያቀርብ ጀመር። በ1946 ማርኬቲር የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው ከዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ጦርነቱ አልቆ ቤንዚን እንደ ልብ ሲገኝ ባለ ሁለት እግሩን የሚፈልገው ሰው አነሰ፤ ኩባንያውም በጎልፍ መጫወቻ ሜዳ የሚነዱ ትናንሽ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች ወደ መሥራት አዘነበለ። በችግር ጊዜ ለሠራተኛ መጓጓዣነት የታሰበው ነገር በደህና ጊዜ የባለጸጎች መጫወቻ ሆኖ መቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ከዚያ በኋላ ብልኃተኞች አልጠፉም። በ1967 የዩኒየን ካርባይድ ኩባንያ ኬሚስት የነበረው ካርል ኮርዴሽ፣ ሃይድራዚን ከሚባል መርዛማ ፈሳሽ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ ሞተር ብስክሌት ሠርቶ ነዳ። በ1974 ደግሞ፣ የነዳጅ ዋጋ ዓለምን ባስጨነቀ ማግሥት፣ ማይክ ኮርቢን የጦር አውሮፕላን ማስነሻ ሞተር በገጠመበት ብስክሌት በቦንቪል የጨው ሜዳ በሰዓት 266 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ። ሁለቱም ቢሆኑ ለተራው ሰው ጓሮ የሚሆኑ አልነበሩም።

ተራው ሰው እጁን ሊያስገባ የቻለው ሦስት ነገሮች ከተገናኙ በኋላ ነው። የሊቲየም ባትሪ በ1991 ለገበያ ቀረበ፤ በ1997 ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ የሊቲየምና የብረት ፎስፌቱን ዓይነት አሳወቁ። በ1980ዎቹ የተገኘው የኒዮዲሚየም ማግኔት ሞተሩን አሳነሰው። ሦስተኛው የሳይንስ ሳይሆን የሕግ ጉዳይ ነው፤ የቻይና ታላላቅ ከተሞች የቤንዚን ሞተር ብስክሌትን ሲከለክሉና በ1999 የወጣው የአገሪቱ ደንብ ዝግተኛውን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከተራ ብስክሌት ጋር ሲቆጥረው፣ ፋብሪካዎቹ ሞተሩንና መቆጣጠሪያውን በብዙ ሚሊዮን ይሠሩት ጀመር። የዚህም ትራፊ ርካሽ ዕቃ ሆኖ በዓለም ሁሉ ተበተነ።

ሥራው ራሱ አጭር ነው። ሞተሩ፣ ካርቡራተሩ፣ ማርሚታውና የቤንዚን መያዣው ይነሣሉ፤ ቴላዮው፣ ፍሬኑና መሪው ይቀራሉ። አዲሱ ሞተር ወይ በኋላ ቸርኬው ውስጥ ይገባል ወይ በቀድሞው ቦታ ተቀምጦ በካቴና ይጎትታል። ባለ 72 ቮልትና 40 አምፔር ሰዓት ባትሪ 2,880 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ይህም በከተማ ውስጥ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። በእርሳስ ቢሆን 80 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ በፎስፌቱ ዓይነት ግን 26 ኪሎ ያህል ነው፣ ማለት ከተነቀለው ሞተር ክብደት ብዙ አይርቅም። ታሪኩ ሁሉ በዚህ ልዩነት ውስጥ ያለ ይመስለናል። መብራቱና ጥሩንባው በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ፣ እንዲሁም ባትሪው አጠገብ ደህና ባልቦላ አይቀሬ ናቸው። ሞተሩ በመነሣቱ ቁልቁለት ላይ በማርሽ መያዝ ስለሚቀር፣ የአሮጌው ብስክሌት ፍሬን ከሁሉ በፊት መታደስ አለበት፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው።

አደጋው ያለው ግን ከሞተሩ ይልቅ በባትሪው ነው። በ2023 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በአብዛኛው ከኤሌክትሪክ ብስክሌቶችና ስኩተሮች የተነሣ የሊቲየም ባትሪ ቃጠሎ 18 ሰዎችን ገደለ። ከተማይቱ በዚያው ዓመት ካወጣቻቸው ሕጎች አንዱ ካገለገሉ ሴሎች የተገጣጠመ ባትሪ እንዳይሸጥ ከለከለ። ሌሎች መንግሥታት ደግሞ ሥራውን ከጓሮ አውጥተው ፈቃድ ላለው ጋራዥ ሰጡ። ፈረንሳይ በመጋቢት 2020 ባወጣችው ትእዛዝ፣ ሦስት ዓመት ያለፈው ባለ ሁለት እግር በተፈቀደለት ሠሪ እንዲለወጥ ፈቀደች፤ ኢንዶኔዥያም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ደንብ አወጣች። አገራችን በጥር 2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና እንዳይገባ መከልከሏ ሲታሰብ፣ እዚሁ ያለውን አሮጌ ተሽከርካሪ የመለወጡ ጥያቄ የእኛም ሆኖ እናገኘዋለን።

በእኛ አስተያየት ባትሪው ተመርምሮ የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ነገር ግን መመርመር የሚገባው የተሠራው ሥራ ነው እንጂ የሠሪው ጋራዥ ስፋት አይደለም። ኢንዶኔዥያ በ2023 ለ50,000 ሞተር ብስክሌቶች ድጎማ መድባ ለእያንዳንዱ 7 ሚሊዮን ሩፒያ ልትሰጥ ቃል ገባች። የመጣው ባለቤት እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ዓመቱ ሳያልቅ ድጎማውን ወደ 10 ሚሊዮን አሳደገችው።