የአቡጀዲ አበቦች

በአማርኛችን «አልጋ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ የምንተኛበት ነው፤ ሌላው ዙፋን ነው። ንጉሥ ሊተካ የታጨው ልጅ አልጋ ወራሽ ይባል ነበር፤ መኳንንቱም ለአልጋው ታማኝ ለመሆን ይምሉ ነበር። የቃሉ መንታነት ለታሪክ ወዳጅ ፍንጭ ይሰጣል። አልጋ የማዕረግ ምልክት ሊሆን የቻለው አብዛኛው ሕዝብ አልጋ ስላልነበረው ነው። ሁሉም ሰው በቤቱ ያለው ዕቃ የሥልጣን ምልክት አይሆንምና።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ከአጅባር እስከ መካነ ሰላም ባለው አገር፣ ብዙው ሰው የሚያድረው በመደብ ላይ ነበር። መደብ ማለት ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ከፍታ ነው። በላዩ ጀንዲ ይነጠፋል፤ አጎዛ ይደረብበታል፤ ብርዱ ሲጠና ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ይለበሳል። በጠፍር የተወጠረ የእንጨት አልጋ ያለው ሰው ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ የሚታይ ነው። መኝታ ቤት ተብሎ ለብቻው የተከለለ ክፍልም በገበሬው ቤት እምብዛም አልነበረም። ያው አንዱ ጎጆ ማብሰያም፣ እንግዳ መቀበያም፣ ማደሪያም ነው፤ በብርድ ወራት ጥጃውም ከዚያው ያድራል። እንዲህ ባለ ቤት ስለ ጌጥ ማውራት ለአንዳንዱ ሰው ቧልት ይመስለዋል። «የሚበላው ያጣ ሰው አበባ ምን ያደርግለታል?» የሚለው ጥያቄም የተለመደ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ቤቱን ከውጭ ላየው ሰው የሚመጣ ነው። ወደ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው እንዲህ ብሎ አይጠይቅም።

የዚህ አገር የጌጥ ታሪክ የተጻፈው ከላይ ወደ ታች ነው። በበሽሎና በዓባይ መካከል ያለው የጥንቱ ቤተ አማራ የነገሥታት ደጅ ነበርና ጸሐፊ አላጣም። ዐፄ ናዖድ ጀምረውት ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በ1524 ዓ.ም. በኢማም አሕመድ ሠራዊት ሲቃጠል፣ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ሕንጻው በወርቅ የተለበጠ እንደነበር መዝግቦልናል። በሳይንት ያለችው ተድባበ ማርያምም በ1551 ዓ.ም. በጦር ሜዳ ከወደቁት ከዐፄ ገላውዴዎስ ጋር ስሟ በታሪክ ይነሣል። የብራና መጻሕፍትም ጌጣቸውን ይዘው ደርሰውናል። በገጹ ራስጌ በቀይ፣ በቢጫና በሰማያዊ የሚሣለውን ጌጥ ሊቃውንቱ ሐረግ ይሉታል። ሐረግ ደግሞ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚወጣ ተክል ነው። ቅጠሉና ቅርንጫፉ በብራና ላይ ሲጠላለፍ እንደ ጽሑፉ ሁሉ ክብር ነበረው። ከዚያ ሐረግ ወደ ቀሚስ ደረት ጥልፍ ያለው መንገድ ሩቅ አይመስለኝም።

የገበሬዪቱ እመቤት ግን ወርቅም ብራናም አልነበራትም። ያላት አፈር ነው። ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ግድግዳውን ይለስናል፤ እበት ልቅላቄ ወለሉንና መደቡን ያለሰልሳል፤ ነጭ ወይም ቀይ አፈር ከወንዝ ዳር ተቆፍሮ፣ ተበጥብጦ፣ በእጅ ወይም በጨርቅ ይቀባል። ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ጉልበት ግን የሚጠይቅ ሥራ ነው። ክረምቱ ሲያበቃ፣ አዲስ ዓመት ሲቃረብ፣ ቤት ይታደሳል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ደጋው በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል። የአበባ ወራት በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠርም የራሱ ስፍራ አለው፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ዘመን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ ማኅሌቱም ማኅሌተ ጽጌ ነው። ወሎ ውስጥ ግን አበባና ቄጠማ የአንድ ሃይማኖት ብቻ አይደለም። ቡናው በተፈላበት ቤት ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ለምለም ነገር መሬት ላይ ይነሰንሳል፤ አሪቲው፣ ጠጅ ሳሩና አደሱም ቤትን ለማሽተት የሁሉም ናቸው።

ችግሩ አደይ አበባ ከመስከረም አለማለፉ ነው። ተቀጥፎ ቤት የገባ ደግሞ ከጥቂት ቀን በላይ አይከርምም። ስለዚህ የዚህ ታሪክ ትልቁ ጥያቄ አንዲት ሴት አበባን በጥርና በሚያዝያ እንዴት ከቤቷ ታኖራለች የሚለው ነው።

የመጀመሪያው መልስ ስፌት ነው። አክርማውና ስንደዶው በቀለም እየተነከረ ሙዳይ፣ ሰፌድና አገልግል ይሰፋበታል፤ ሥራ ሲፈታም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የተሰቀለ ሰፌድ በጨለማው ጎጆ ውስጥ እንደፈካ አበባ ክብ ሆኖ ይታያል። ጌጥና ማስቀመጫ አንድ ሆኑ ማለት ነው፤ ለጌጥ ብቻ የወጣ ወጪ የለም።

ሁለተኛው መልስ ከሩቅ መጣ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያልነጣ የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ ደጋው ይገባ ጀመር። ሕዝቡ አቡጀዲ ብሎ ለመደው። ሸማኔዎች ከውጭ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥበብ ያውሉት ነበር፤ የሰው አገር ፋብሪካ የፈተለውን ፈትቶ በራስ ንድፍ መልሶ መሥራት እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም። የመርፌ ጥልፍ ግን በሰፊው የተዛመተው ከትምህርት ቤት ጋር ነው። እቴጌ መነን በ1924 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እቴጌይቱ የወሎ ሰው ነበሩ፤ በአምባሰል የተወለዱ፣ የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ። ከቀለሙ ጎን የእጅ ሥራም ይሰጥ ነበር። ዳንቴል የሚለው ቃል ራሱ ፈረንሳይኛ ነው፤ መነሻው «ጥርስ» የሚለው ቃል ሲሆን የጠርዙን ጥርሳምነት ያስታውሳል። ልጃገረዶች በስሙ የሚጠሩት የዲኤምሲ ክርም እ.ኤ.አ. በ1746 ሙሉዝ ከተማ ከተመሠረተ የጨርቅ ፋብሪካ የተገኘ ነው። ከመምህርቷ ወደ ተማሪዋ፣ ከተማሪዋ ወደ እኅቷ፣ ኪሮሽና መርፌ ከከተማ ወደ ወረዳ ከተማ፣ ከዚያም ወደ ገጠር ተሻገሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ የአገራችንን የመኝታ ቤት ጌጥ የሚያህል ሳይጠና የቀረ ነገር ጥቂት ነውና። ንድፉ በእርሳስ ይሣላል፤ እርሳስ ከሌለ በከሰል። ከአንዲት ጎረቤት የትራስ ልብስ ላይ ወረቀት አስደግፎ መገልበጥም ያው ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በዙሪያቸው ጽጌረዳ፣ በማዕዘኑ ቅጠል። ጽጌረዳዋ በዚያ አገር አይታ የማታውቀው ሊሆን ይችላል፤ ሠሪዋ የምታውቀው የንድፉን ጽጌረዳ ነው። ልጃገረዷ ከማግባቷ በፊት ሥራዋን ታጠራቅማለች፤ የአልጋው ልብስ፣ የትራሱ ልብስ፣ የሬዲዮኑ መሸፈኛ ሳይቀር። የሙሽራዪቱ ቤት የሚታየው በእርሱ ነው፤ ባለሙያነቷም የሚመሰከረው በእርሱ ነው። ለአንድ ትራስ የሚወጣው ወጪ ጥቂት ክንድ አቡጀዲና ጥቂት ጥቅል ክር ነው። የማይቆጠረው ምሽቱ ነው፤ በኩራዝ ብርሃን ዓይን እያፈዘዘ የሚያልፈው ምሽት።

በኋላም በአበቦቹ መካከል ፊደል ገባ። «እንኳን ደህና መጡ»፣ «መልካም ሌሊት»፣ የባልና የሚስት ስም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ፊደል እንዲቆጥር ማድረጉ ይታወቃል፤ ለዚሁም አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታበታለች። ብዕርና ወረቀት ለሌላት ሴት መርፌዋ ብዕር፣ ትራሷ ደብተር ቢሆንላት የሚያስገርም አይሆንም። አንዳንዱ ፊደል ተገልብጧል፤ አንዳንዱ ቃል ቦታ አጥሮት ወደ ጠርዙ ተጠማዟል። እኔ ከብዙ ድርሳን ይልቅ እነዚህን የተጣመሙ ፊደላት ማየት እወድዳለሁ።

የከተማው ቤት ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበረው። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከመጽሔትና ከካሌንደር የተቀደደ የአበባ ሥዕል ከአልጋው ራስጌ ይሰካል። በእንቁጣጣሽ ማለዳ ወንዶች ልጆች ራሳቸው ሥለው ያመጡት የአበባ ሥዕልም ሳንቲም ተከፍሎበት ከዚያው ግድግዳ ይገባል። ዓመቱን ሙሉ ይከርማል፤ ጭስ ያጠቁረዋል፤ በሚቀጥለው መስከረም ሌላ ይተካዋል።

ከዚያም ክፉው ዘመን አለ። በ1965 እና በ1966፣ እንደገናም በ1977 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ከብቱ ካለቀ በኋላ የቤት ዕቃ ወደ ገበያ ወጣ፤ የጣራ እንጨት ሳይቀር ተነቅሎ ተሸጠ። በሰው ዘንድ ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ በዋጋ ረከሰ። ጥልፍ የሚገዛ ሰው ግን ከቶ ከየት ይመጣል? በመጠለያው ደጃፍ በተነሡት ፎቶግራፎች ላይ ዓለም ያየው አጥንትንና ጨርቅን ነው። ያ ጨርቅ ግን አንድ ቀን የተጠለፈ ሊሆን እንደሚችል ያሰበ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ በመጡት ዓመታት ማዳበሪያ የተቋጠረበት ነጭ ከረጢት አዲስ ሀብት ሆነ። ተቀድዶ ኮርኒስ ይሆናል፤ ተተርትሮ ፈትሉ እየተነከረ ስፌት ይሰፋበታል። ሸማኔው የውጭ ጨርቅ ይተረትር እንደነበረው ማለት ነው።

ዛሬ በደጋው ገበያ ከቻይና የመጣ የፕላስቲክ አበባ፣ ጽጌረዳ የታተመበት አንሶላና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይገኛል፤ ምሽት አይፈጅም። ሴቶቹ ይህን መግዛታቸውን የሚነቅፍ ሰው በኩራዝ ጠልፎ የማያውቅ መሆን አለበት። የሚደንቀው ሌላው ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ከሆነች ቆይታለች፤ በየሌሊቱ ጽጌረዳችን በአውሮፕላን ተጭኖ ወደ ሆላንድ ይሄዳል። የፕላስቲኩ ጽጌረዳ ደግሞ በሌላ መንገድ ወደ እኛ ይመጣል። ሁለቱ በመንገድ አይተላለፉም።

አጅባር አካባቢ ግን የራሷ ጽጌረዳ አላት። ቀጋ እንላታለን፤ የአፍሪካ ተወላጅ የሆነች የጽጌረዳ ዝርያ ናት። አበባዋ ነጭ ነው፤ ሽታዋ ጣፋጭ፤ እሾኋ ክፉ። እሾኋ ስለሚያስፈራ ከብት እንዳይገባ አጥር ያደርጓታል፤ ፍሬዋ ሲቀላ እረኞች ለቅመው ይበሏታል። በትራስ ልብስ ላይ ግን አልተጠለፈችም። በነጭ አቡጀዲ ላይ ነጭ ክር አይታይምና።