አናቱ የማይዞር ታንክ

ባለፈው የንባብ ምሽታችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። «በ1928 ዓ.ም. የተሸነፍነው ብረት ስላልነበረን ነው» ያሉ ነበሩ፤ «ብረቱንማ በእጃችን ይዘን ጥለነዋል» ያሉም ነበሩ። ክርክሩ ሳይቋጭ መብራት ጠፋና ተበታተንን። ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ስለያዙ፥ ነገሩን ከሥሩ ይዘን ለውድ አንባብያን ማቅረቡን መረጥን።

ጣልያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ሲሻገር ይዞት ከመጣው መሣሪያ አንዱ ሲ.ቪ. 33 የሚባለው ትንሽ ታንክ ነበር። ክብደቱ ሦስት ቶን ያህል፥ ቁመቱ ከሰው ደረት ብዙም የማያልፍ፥ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። አናቱ አይዞርም። መትረየሶቹ የተተከሉት ከፊት ባለው ብረት ላይ ስለ ሆነ ጥቂት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይላሉ እንጂ ኋላቸውን ማየት አይችሉም። ከጀርባው የመጣን ሰው ለመምታት ታንኩ መላ አካሉን ማዞር አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ቦታ ያስፈልገዋል።

በእኛ በኩል ይህን ብረት የሚበሳ መድፍ እጅግ ጥቂት ነበር። ዛሬ በምንኖርባት በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚገባው መሣሪያ በፈረንሳዮች እየተገታና እየተጓተተ ነበር። ከጦርነቱ አስቀድሞ፥ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም.፥ ላቫልና ሙሶሊኒ በሮም ሲፈራረሙ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ምድር ባቡር አክሲዮን ከፊሉ ለጣልያን ተላልፏል። እኛ በገናችን ዕለት እነርሱ ሐዲዳችንን ይካፈሉ ነበር ማለት ነው። በኦጋዴን ቆራሔን የጠበቀው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማዕት የአውሮፕላን መከላከያ መድፉን ይዞ በቦታው ሲዋጋ ቈስሎ በዚያው ቍስል መሞቱን ብዙዎቻችን ሰምተናል።

ወደ ደምበጊና እንለፍ። የጎጃም ጦር በራስ እምሩ መሪነት ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ ሲገሰግስ፥ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. ግንባር ቀደሙ የፊታውራሪ ሽፈራው ጦር በሻለቃ ክሪኒቲ ከሚመራው ጦር ጋር በደምበጊና በር ተገናኘ። ክሪኒቲ 9 ታንኮች ነበሩት። መንገዱ ጠባብ፥ ግራና ቀኙ ገደል ገደል፥ ድንጋዩ የበዛ ነው። ታንኮቹ ጥሰው ለመውጣት ሞከሩ፤ ግን ብረት እንደ ፍየል ገደል አይወጣም። እየቆሙ፥ እየተደናቀፉ ቀሩ። የእኛ ሰዎች ተኵሰው ብረቱ እንዳልተበሳ ባዩ ጊዜ ከፊቱ ዘወር ብለው ከኋላው መጡ። ይህን ያስተማራቸው መኰንን የለም፤ መትረየሱ የማይደርስበትን ቦታ በአንድ ቀን፥ በደም ተማሩት። አንዱ በታንኩ ጀርባ ላይ ወጥቶ ክዳኑን እየደበደበ ሰዎቹን አስከፍቶ በጐራዴ እንደ ጨረሳቸው ይተረካል። ታንኮቹ ከበሩ አላለፉም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ደስ አይለንም። በታንኮቹ ውስጥ የነበሩት ጣልያኖች ቢሆኑም ከአጠገባቸው በእግር የተዋጉትና በብዛት የወደቁት የኤርትራ አስካሪዎች ነበሩ። በዚህ መንደራችን የሁለቱም ወገን የልጅ ልጆች ከአንድ ቧንቧ ውኃ ይቀዳሉ።

ድሉም ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ 13 ቀን በተከዜ አጠገብ በራስ እምሩ ጦር ላይ ከአውሮፕላን የመርዝ ጋዝ ወረደ። ጋዝ ደግሞ ጀርባ የለውም።

ነገሩ አስገራሚ የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ልክ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1935 ማንሽታይን የተባለው የጀርመን መኰንን አናቱ የማይዞር፥ እግረኛውን ተከትሎ የሚሄድ፥ በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስ መድፍ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። አናቱ ካልዞረ ታንኩ ዝቅ ይላል፥ ይረክሳል፥ ቶሎ ይሠራል፤ በዚያው ልክም ከበድ ያለ መድፍ ይሸከማል። ስቱግ የተባለው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1940 ፈረንሳይ ገባ፤ በ1942 ረጅም 75 ሚሊ ሜትር መድፍ ተገጥሞለት የሩሲያን ቲ-34 ማደኛ ሆነ። ሩሲያኖችም በቲ-34 ሰንሰለት ላይ በ1943 ሱ-85ን፥ በ1944 ሱ-100ን ሠሩ። ጣልያን ራሱ ከመትረየስ ወጥቶ ባለ 75 ሚሊ ሜትሩን ሴሞቬንቴ በ1942 ወደ ሰሜን አፍሪካ በረሓ ላከ። አሜሪካኖች ብቻ አናቱን እንዲዞር አድርገው ክዳኑን ክፍት ተዉት፤ ኤም-10 ይሉታል።

የደምበጊና ስሕተት ግን ተደገመ። በ1943 በኩርስክ ጦርነት ጀርመኖች ፈርዲናንድ የሚባል ከባድ ታንክ አዳኝ አሰለፉ፤ መድፉ ታንክን ከሩቅ ይመታል፤ ነገር ግን ቀርቦ ለሚመጣ እግረኛ አንዲት መትረየስ እንኳ ከፊቱ አልተተከለችም። በኋላ ተጨመረችለት። የጎጃም ባላገር ይህን ከስምንት ዓመት በፊት ያውቅ ነበር።

ይህ ዓይነት መሣሪያ ወደ እኛ አገር የተመለሰው በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ነው። የሶቪየት ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች አሱ-57 የሚባሉ ትንንሽ ባለ ሰንሰለት መድፎችን በካራማራ ተራራ ላይ አሻግረው ከሶማሊያ ጦር ጀርባ እንዳወረዷቸው ተጽፏል፤ ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን ተያዘች። ያ መሣሪያም ክብደቱ ሦስት ቶን ያህል ነው፤ አናቱ አይዞርም፤ ከላይም ክፍት ነው። ከ42 ዓመት በኋላ ያው መጠን፥ ያው ጕድለት፤ የተለየው ባለ 57 ሚሊ ሜትር መድፉና ይህን ጊዜ ከኋላ የመጣው ብረቱ ራሱ መሆኑ ነው። የምድር ባቡሩ ድልድዮች አስቀድመው በ1969 ዓ.ም. ፈርሰው ስለ ነበር ብዙ ሰው ወደ ጅቡቲ የወረደው በእግሩ ነው። ከጎረቤቶቻችን መካከል አባታቸው በዚያ ተራራ በወዲያኛው በኩል የቆመ አሉ፤ ሻይ ስንጠጣ ስለ ካራማራ አናነሣም።

ከአያቱ ስለ ደምበጊና የሰማ፥ በተለይም ከሽሬና ከጎጃም የመጣ ሰው ካለ፥ የሰማውን ይንገረን። መጻፍ የማይችል ከሆነ እኛ እንጽፍለታለን፤ ለሚቀጥለው ዕትም ሁለት ገጽ አስቀርተናል።