ባለቤቱ ያልተጠየቀበት የባሕር በር

ጥቁር ባሕርን ከሜዲቴራኒያን የሚያገናኙት ሁለቱ ወሽመጦች፣ ቦስፎርና ዳርዳኔል፣ እጅግ ጠባቦች ናቸው፤ ቦስፎር በጠበበበት ስፍራ ስፋቱ ከ700 ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ የመስኮብ (የሩስያ) ስንዴ ከኦዴሳ ወደ ሩቅ ገበያ የሚወጣው፣ የጠላትም መርከብ ወደ መስኮብ ደቡባዊ ጠረፍ የሚገባው በዚሁ መተላለፊያ ስለ ነበረ፣ በቄሣሮቹ ዘንድ ቍስጥንጥንያን መያዝ፣ ጥንታዊት የኦርቶዶክሳውያን መንበር ከመሆኗም በላይ፣ የገዛ ቤታቸውን ቍልፍ እንደ መጨበጥ ይቈጠር ነበር። ክርስቲያን ነን የሚሉት እንግሊዞች ደግሞ፣ ወደ ሕንድ በሚወስደው ጐዳና ላይ የመስኮብ መርከብ ብቅ እንዳይል ሲሉ፣ ለእስላሙ የቱርክ ሡልጣን ጠበቃ ሆነው ቆሙ።

የነገሩ ጠባይ ይበልጥ የሚገለጠው በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1832 እስከ 1833 ዓ.ም. በሆነው ነው። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ፣ ማለት ሱዳንን ይዞ ወደ እኛ ወሰን የተጠጋው ያው ሰው፣ በጌታው በሡልጣን ዳግማዊ ማሕሙድ ላይ ዐምፆ፣ ልጁ ኢብራሂም ፓሻ የቱርክን ሠራዊት በኮንያ ድል በነሣ ጊዜ፣ ሡልጣኑ ርዳታ ቢለምን የለንደን መንግሥት እንቢ ስላለው፣ የመስኮቡ ቄሣር የቀዳማዊ ኒቆላዎስ መርከቦች መጥተው በቦስፎር መልሕቃቸውን ጣሉ። የድካማቸውም ዋጋ በሐምሌ ወር 1833 በሁንካር ኢስኬሌሲ የተፈረመው ውል ሆነ፤ በምሥጢራዊው አንቀጽ ሡልጣኑ መስኮብን በጦር በመርዳት ፈንታ ዳርዳኔልን ለባዕዳን የጦር መርከቦች እንዲዘጋ ተስማማ። እንግሊዞች ይህን በሰሙ ጊዜ፣ በሩ ለአንዱ ብቻ ተከፍቶ ይቀራል ብለው እጅግ ተቈጡ፤ እንደ እኔ አስተያየት ግን የተቈጡት በገዛ ቸልታቸው ፍሬ ነበር። በ1841 በለንደን በተደረገው ውል፣ በሰላም ዘመን ወሽመጦቹ ለማንኛውም ባዕድ መንግሥት የጦር መርከብ ዝግ እንዲሆኑ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው፣ እንግሊዝ ከሡልጣኑ ጋር ሆና መስኮብን የወጋችበት የክሪምያ ጦርነት ይታወቃል። በ1878 ግን የመስኮብ ሠራዊት ቱርክን ወግቶ ወደ ቍስጥንጥንያ በተጠጋ ጊዜ፣ አድሚራል ሆርንቢ የሡልጣኑን ፈቃድ ሳያገኝ በዳርዳኔል አልፎ የእንግሊዝን መርከቦች ወደ ከተማይቱ አቀረበ፤ የመስኮብም ሠራዊት ከከተማይቱ ደጅ፣ ከሳን እስቴፋኖ ደረሰ፤ እንዲህም ሆኖ ከምድር አንዱ፣ ከባሕር ሌላው፣ ወዳጅም ጠላትም፣ ባለቤቱን ሳይጠይቁ በግቢው ተፋጠጡ። በዚያው ዓመት እንግሊዝ የቱርክን የእስያ ግዛት ከመስኮብ እጠብቃለሁ ብላ ለጥበቃዋ ቆጵሮስን ተቀበለች፤ ዘበኛ ደመወዙን አስቀድሞ የተቀበለበት ውል ይህ ነው።

በታላቁ (በአንደኛው የዓለም) ጦርነት ዘመን፣ ቱርክ ከጀርመን፣ መስኮብም ከእንግሊዝ ጋር ስለ ቆሙ፣ ነገሩ ፈጽሞ ተገለበጠ። በመጋቢት 1915 እንግሊዝ፣ ለመቶ ዓመት ያህል ስትከለክል የኖረችውን፣ ቍስጥንጥንያና ወሽመጦቹ ከድል በኋላ ለመስኮብ እንዲሰጡ በምሥጢር ተስማማች፤ በዚያው ወር የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ዳርዳኔልን በኀይል ሊከፍቱ ቢሞክሩ፣ በአንድ ቀን ሦስት ታላላቅ የጦር መርከቦች ሰጠሙባቸው። የውሉም ተቀባይ ሳይረከብ ወደቀ፤ በ1917 ሥልጣን የያዙት ቦልሼቪኮች የቄሣሩን ምሥጢራዊ ውሎች በጋዜጣ አሳትመው፣ ቍስጥንጥንያ በእስላሞች እጅ ትኑር ሲሉ ዐወጁ።