ውሻ ሲያነክስ፦ ድሮና ዘንድሮ

ባለፈው ወር ከሌሞ ወረዳ አንድ አባት ደውለው "ልጄ፣ ጥያቄዬ የከብት አይደለም፣ እንዳትስቅብኝ" አሉኝ። ቡቺ የምትባል ትንሽ ውሻ አለቻቸው። የእንሰት ማሳቸውን ከፍልፈልና ከጃርት የምትጠብቀው እሷ ናት። አንድ ቀን ፍልፈል ስታሳድድ ከእርከን ላይ ዘለለችና ጮኸች። ከዚያ ወዲህ የኋላ ግራ እግሯን አንጠልጥላ በሦስት እግር ነው የምትሄደው። አንዱ ጎረቤት "በጋለ ብረት ይተኩሷት" አላቸው። ሌላው "ወጌሻ ይያት" አለ። ሦስተኛው ደግሞ "ጥለዋት ሌላ ቡችላ ያምጡ" አለ። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው ጠይቆ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ነገራቸው፤ ዋጋውን ሲሰሙ ደነገጡ።

አልሳቅሁም። አንድ እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ፍልፈል ደግሞ ከሥሩ በልቶ እንዴት እንደሚጥለው እናንተው ታውቃላችሁ። መልስ ፍለጋ ስገባ ግን ነገሩ ወደ ኋላ ወደ ታሪክ ወሰደኝ።

መጀመሪያ ራሴን የጠየቅሁት፣ በየወረዳችን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እያለ የውሻ ጉልበት የሚያክም ለምን ይጠፋል? የሚል ነው። መልሱ ክፉ ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ያስገቧቸው ከብቶች የደስታ በሽታን ይዘው መጡ፤ በተከታዮቹ ዓመታት በሽታው አገሩን አዳረሰ። ከአገሪቱ ከብት አብዛኛው አለቀ፤ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ሞተ የሚሉ አሉ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ ረሃብ ገባ። እ.ኤ.አ. እስከ 1892 የቆየው ይህ ዘመን ነው ክፉ ቀን የተባለው። ከጥንት በከብት ሀብቱ ለሚታወቀው ለሐዲያ ሕዝብ ደግሞ ከብት ሲያልቅ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያቅትም።

የአገራችን ዘመናዊ የእንስሳት ሕክምና ያደገው በዚያ ጥላ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ደብረ ዘይት ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ዋና ሥራው ለከብት፣ ለበግ፣ ለፍየልና ለዶሮ ክትባት ማምረት ነው። እዚያው ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ድካሙም ፍሬ አፍርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የደስታ በሽታ ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እሱ ነው። እንግዲህ ገንዘቡም፣ ክትባቱም፣ የባለሙያው ሥልጠናም ወደ በሬውና ወደ ላሟ ሄደ። ትክክልም ነበር። ውሻ በመንግሥት ዓይን የሚታየው በእብደት በሽታ በኩል ብቻ ሆነ፤ በከተሞቻችን ባለቤት የሌለው ውሻ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው መርዝ ነበር። ጉልበቱን ማን ይየው?

ታዲያ ያነከሰ እንስሳ ድሮም አልጠፋም፤ ሐኪሙ ወጌሻና የጋለ ብረት ነበሩ። ስለ ብረቱ በቀጥታ ልናገር፦ አይጠቅምም። እንዳትናደዱብኝ፣ ይህ የእኛ ጥፋት ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ሐኪሞችም ያነከሰ ፈረስ እግር ለብዙ መቶ ዓመታት ሲተኩሱ ኖረዋል፤ ያውም ተምረውበት። እ.ኤ.አ. በ1983 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ላይ የተሠራ ጥናት የተተኮሰው ጅማት ካልተተኮሰው በተሻለ እንደማይድን አሳየ። ፈረሶቹን የጠቀማቸው ከተተኮሱ በኋላ የሚሰጣቸው ረጅም ዕረፍት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ወጌሻን ግን ከብረቱ ጋር አልደባልቅም። የወለቀ በመመለስ ስንቱን ያቆሙ እጆች አሉ። ችግሩ እስሩ ነው። ሽመልና ቃጫ አጥብቆ ሲታሰር ደም ወደ ታች አይወርድም፣ እግሩ ያብጣል፣ ይበርዳል፣ ይበሰብሳል። በሰውም በዚህ ምክንያት እግር የተቆረጠ አለ። ደግሞ የውሻ ጉልበት ላዩ ሰፊ ታቹ ቀጭን ስለሆነ እስሩ ወይ ይወርዳል ወይ ይቆርጣል። ውስጡ የተበጠሰን ጅማትም ከውጭ ማሰር አያገናኘውም።

የቱ ጅማት? ብዙ ሰው የውሻ ጉልበት የሚመስለው ወደ ኋላ የታጠፈው መገጣጠሚያ ነው፤ እሱ ቁርጭምጭሚቱ ነው። ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው። እዚያ ውስጥ እርስ በርስ ተሻግረው የተጠላለፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። የፊተኛው ሲበጠስ የታችኛው አጥንት ወደ ፊት ይንሸራተታል። ውሻው እግሩን የሚያንጠለጥለው ለዚህ ነው። ባለሙያ በእጁ ይዞ ያንን መንሸራተት ሊያውቀው ይችላል፤ እናንተ ግን አትሞክሩት፣ ሕመሙ ስለሚብስ ይነክሳችኋል።

ይህ ጉዳት በውሻ ላይ ተለይቶ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው፤ ጸሐፊው ካርሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ፊንላንዳዊው ሳኪ ፓትሳማ ከራሱ ከውሻው ጭን የተወሰደ ቀጭን ሽፋን በተበጠሰው ጅማት ምትክ አስገብቶ መጠገንን በሰፊው አጠና። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሐኪሞች መገጣጠሚያውን ከውጭ በጠንካራ ክር የማጠር ዘዴ አወጡ። ከጊዜ በኋላ ለዚህ የዓሣ ማጥመጃ ዓይነት ናይለን ተጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ባርክሌይ ስሎከም የሚባል አሜሪካዊ አጥንቱን ቆርጦ፣ አዙሮ፣ በብረት የሚያስር ቀዶ ሕክምና አሳተመ። ዘዴውን የባለቤትነት መብት አስመዝግቦበት ስለነበር ሌላው ሐኪም መሠልጠን ነበረበት። ልጃቸው ዋጋ የነገራቸው ምናልባት የዚህን ነው።

አሁን ወደ ያዝናት ነገር። እነዚያ ሁሉ ቢላዎች ሲሳሉ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፊሊፕ ቫሰር የሚባል የእንስሳት ሐኪም ሌላ ነገር ጠየቀ፦ ቀዶ ሕክምና ያላገኙት ውሾች ምን ሆኑ? እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው 85 ውሾችን ይዞ ነው። ከ15 ኪሎ ያልበለጡት 28 ነበሩ፤ ከእነሱ 24ቱ ድነዋል ወይም ተሽሏቸዋል። ከ15 ኪሎ በላይ ከነበሩት 57 ውሾች ግን የተሻላቸው 11 ብቻ ናቸው። ሕክምናቸው ምን ነበር? በአብዛኛው ዕረፍት፣ ክብደት መቀነስ፣ አስፈላጊ ሲሆን የሕመም ማስታገሻ። ቁጥሩን ሳየው ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ለትልቅ ውሻ ቀዶ ሕክምና ቢቀር ዋጋ ያስከፍላል፤ ለትንሽ ውሻ ግን ድሃው ባለቤት በችግር የሚመርጠው መንገድ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ጉልበቱ እንደ አዲስ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ጅማቱ አይቀጠልም፤ ዙሪያው ይጠነክርና መገጣጠሚያውን ይይዘዋል። በብርድ ጠዋት ማነከስ ሊቀር ይችላል።

ለእኚያ አባት "እስቲ ይመዝኗት" አልኳቸው። በእህል ሚዛን ላይ ቅርጫት ሰቅለው መዘኗት፤ 9 ኪሎ። "እንግዲያውስ ጥሩ ዕድል አላት" አልኳቸው። የተነጋገርነውን እንዲህ ነው ያደረጉት።

መጀመሪያ መዳፏን ፈተሹ፤ እሾህ፣ ቁስል፣ የተሰነጠቀ ጥፍር የለም። ሲፈትሹ አፏን በጨርቅ አስረው ነበር፤ የሚያማት ውሻ ጌታዋንም ትነክሳለች። እንግዳ ውሻ ወይም ቀበሮ ነክሷት ቢሆን፣ ወይም የኋላ እግሯ ብቻ ሳይሆን ጠባይዋ ቢለወጥ፣ ምራቅ ብታዝረበርብ፣ አልነካትም ነበር፤ የእብደት በሽታ በኋላ እግር መስነፍም ሊጀምር ይችላል። ያን ጊዜ ነገሩ ወዲያው ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ የተነከሰ ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ከዚያ ዕረፍት። ስድስት ሳምንት፣ ቢቻል ስምንት። በአጭር ገመድ፣ ገለባ የተነጠፈበት፣ የማያንሸራትት ቦታ። ከብቶቹ በሚያድሩበት ወገን አይሆንም፣ ጥጃ ይረግጣታል። ለሽንት በገመድ ይዞ ጥቂት ደቂቃ ማውጣት፣ መመለስ። ሩጫ የለም፣ ዝላይ የለም፣ ፍልፈል የለም። የልጆች ፍርፋሪ መጣልም ቆመ፤ አንድ ኪሎ መቀነስ ለ9 ኪሎ ውሻ ብዙ ነው። እሳቸውን ያስጨነቃቸው ይህ ሳይሆን ማሳው ነበር። ለእነዚያ ሳምንታት የወንድማቸው ውሻ ሌሊት እነሱ ጋ እንዲያድር ተስማሙ።

መድኃኒት ላይ ልቆጣ ነው። ለሰው የተገዛ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ለውሻ አትስጡ። ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊትና ጉበት ያበላሻል። ትንሽ ውሻ ላይ ደግሞ ግማሽ ኪኒን እንኳ ብዙ ነው። ለውሻ የሚሆን ማስታገሻ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ክብደቷን አይቶ ይወስን። በሁለት ሳምንት ውስጥ እግሯን መሬት ማስነካት ካልጀመረች፣ ወይም ተሽሏት እንደገና ከባሰባት፣ መታየት አለባት። አንዳንዴ በጉልበቱ መሃል ያለው ልም አጥንት ተቀዶ ይሆናል፤ ያንን ዕረፍት ብቻ አይፈታውም።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ነው ቀስ ያለ ጉዞ የሚጀመረው፤ መጀመሪያ ሜዳ፣ ቆይቶ ዳገት፣ የሳሳው የጭን ጡንቻ እንዲመለስ። ለብዙዎቹ ሙሉ ለውጡ ወራት ይፈጃል። ሌላኛውን ጉልበት ደግሞ ተከታተሉት፤ አንዱ የተበጠሰበት ውሻ ሁለተኛውም ብዙ ጊዜ ይከተላል። ክብደቷ እንዳይመለስ የምለውም ለዚህ ነው።

ትናንት እኚያ አባት እንደገና ደወሉ። አራተኛ ሳምንቷ ነው። እግሯን ትጥላለች፣ ስትቆም ግን ታሳርፈዋለች። "ልፍታት? ፍልፈሉ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ገመዱን ልትበጥስ ነው" አሉኝ። ገና ሁለት ሳምንት ይቀራታል አልኳቸው።