ስለ ማዕድ፣ ስለ ቡናና ስለ ሸማ፤ የከሚሴ አገር ታሪክ

የሕዝብ ታሪክ በብራና ላይ ይጻፋል፤ ደግሞም በማዕዱ፣ በመጠጡና በልብሱ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ንጉሥ ያወጀው አዋጅ ሲረሳ፣ እናት ለልጇ ያስተማረችው የወጥ አሠራር ሳይረሳ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል። ስለዚህ የአንድን አገር አኗኗር ሊመረምር የሚወድ ሰው፣ ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ፣ ምን እንደሚጠጡና ምን እንደሚለብሱ፣ ይህንም ከማን ጋራ እንደሚያደርጉት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል። ለዚህ ምርመራ የከሚሴ አገር እጅግ የተመቸ ምሳሌ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በ325 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ቦርከና በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። በአማራ ክልል ውስጥ ላለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንም ዋና ከተማው ናት። በዚህ አገር ኦሮሞ፣ አማራና አርጎባ ጐን ለጐን ይኖራሉ፤ ከምሥራቅ ቆላም የአፋር ሰዎች ከብታቸውን እየነዱ ይመጣሉ። አብዛኛው ሕዝብ እስላም ነው፤ ክርስቲያኑም ከብዙ ዘመን ጀምሮ አብሮት ይኖራል። እሑድ በሰንበቴ፣ ሰኞ በባቲ የሚቆመው ገበያ ደገኛውንና ቆለኛውን ያገናኛል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል፣ ቆለኛውም ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ይወጣል።

በምግብ በኩል ሁሉን የሚያገናኘው እንጀራ ነው። አንዱ ከጤፍ፣ ሌላው ከማሽላ ይጋግረዋል፤ ሁለቱም እህሎች ከጥንት ጀምሮ በኢትዮጵያ ምድር የኖሩ ናቸው። ወጡም፣ ሽሮውም፣ በርበሬውም በእስላሙ ቤትና በክርስቲያኑ ቤት አንድ ነው። ያውም በርበሬ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግሮ የመጣ ተክል ሲሆን፣ ዛሬ ያለ እርሱ የሐበሻ ወጥ ወጥ አይባልም። ልዩነቱ የሚገባው በሥጋ ነው። ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያረደውን እስላሙ አይበላም፤ እስላሙ ቢስሚላህ ብሎ ያረደውን ክርስቲያኑ አይበላም። ባንድ መስክ የዋሉ ሁለት በጎች፣ አንዱ በዚህ እጅ ሌላው በዚያ እጅ በታረዱ ጊዜ የሁለት ሃይማኖት ምልክት ይሆናሉ።

ይህ ነገር ቀላል እንዳልሆነ የወሎ ታሪክ ያስተምራል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ለንጉሥነት በቁ። ከሕዝቡ ግን አያሌው አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ እንደ ሼክ ጦልሐ ጃዕፈር ያሉት ተነሥተው ተዋጉ፤ ሌላውም በአፉ ተጠምቆ በልቡ እንደ ነበረ ኖረ። ማተብና የሥጋ ማዕድ የሃይማኖት መለያ ነበሩና፣ በግድ የተጠመቀው ሰው በአደባባይ አንድ፣ በቤቱ ሌላ ሆኖ መኖር ግድ ሆነበት። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ሲታይ ግን የወሎ እስላም በሃይማኖቱ ጸንቶ ተገኘ። በትእዛዝ የተዘረጋ ማዕድ ልብን እንደማያገናኝ ከዚህ ይታወቃል።

ንጉሥ በትእዛዝ ያልቻለውን ሕዝቡ በራሱ መላ አደረገው። በወሎ ክርስቲያን ሠርግ ሲደግስ ለእስላም ጎረቤቶቹ ከብት ለብቻው ይመድባል፤ እስላም አራጅ ይጠራል፤ ድስቱና ጭልፋው፣ ወጥ ሠሪዋም ሳትቀር ትለያለች። እስላሙም ሲደግስ ለክርስቲያን ወዳጁ እንዲሁ ያደርግለታል። እንግዳው ሃይማኖቱን ሳይተው ይጠግባል፤ ደጋሹም ሃይማኖቱን ሳይተው ያስተናግዳል። ከዚህም በላይ ሊታሰብ የሚገባው የጾም ነገር ነው። ምእመናን በዓመት ከ180 በማያንሱ ቀኖች ከሥጋና ከወተት ይከለከላሉ፤ በነዚህ ቀኖች የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስርና ጐመን ቢላዋ ያልነካው ነውና እስላሙ ሳይጠራጠር ይቈርሰዋል። በረመዳንም ሲመሽ፣ ከእስላሙ ቤት የምስር ሳምቡሳና ቴምር ለክርስቲያን ጎረቤት ይደርሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ሥጋን ለማድከምና ነፍስን ለማበርታት የሠራችው ሥርዐት፣ ሳይታሰብ ለጎረቤት ማዕድ ሆኖ ተገኘ።

በመጠጥም በኩል ነገሩ ይህን ይመስላል። ክርስቲያኑ ጌሾ አግብቶ ጠላና ጠጅ ይጥላል። እስላሙ የሚያሰክር ነገር አይጠጣምና ገብሱን አጥቁሮ ይቈላል፤ አፍልቶና አጣፍጦ ቀሪቦ ያደርገዋል፤ ማሩንም በውሃ በጥብጦ ብርዝ ሳለ ይጠጣዋል። ገብሱ ያው ገብስ፣ ማሩም ያው ማር ነው፤ የሚለያቸው ጌሾውና በጋን ውስጥ የሚቈዩበት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ብልህ ደጋሽ ከጠላው ጋን አጠገብ የቀሪቦውን ጋን አይረሳም።

ከሁሉ ይልቅ ለካህናት ትምህርት የሚሆነው ግን የቡና ታሪክ ነው። ቡና በኢትዮጵያ ደን የበቀለ ተክል ነው። በመጠጥነቱ የታወቀው ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ15ኛው መቶ ዓመት በየመን ሱፊዎች ዘንድ ሲሆን፣ እነርሱም ሌሊቱን በጸሎት ለመትጋት ይጠጡት ነበር። በ1511 የመካ ሹም ይከልከል ብሎ አዘዘ፤ ክልከላው ግን አልጸናም። በአገራችንም ኦሮሞ ለመንገድ ሲነሣ የተቈላና የተወቀጠ ቡና በቅቤ ለውሶ ስንቅ ያደርግ እንደ ነበር፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጧል። ክርስቲያኑ ግን ቡናን የእስላም ነው እያለ ለብዙ ዘመን ሸሸው፤ ካህናቱም ይከለክሉት ነበር።

ይህ አሳብ የተለወጠው በ1870ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. ከግብፅ የመጡት አቡነ ማቴዎስም ቡና የእስላም መጠጥ ነው የሚለውን የካህናት አሳብ ለማስወገድ ደከሙ። ከዚያ በኋላ ቡና በክርስቲያኑ ቤት ገብቶ እንደ ቤተኛ ተቀመጠ። ሃይማኖቱም ስለዚህ አልጐደለም፤ ጾሙም፣ ቅዳሴውም፣ ማተቡም በየቦታው ነው። ዛሬ የክርስቲያን ባልቴት ሦስተኛውን ስኒ ስትቀዳ በረካ ትላለች፤ ቃሉ ዐረብኛ ሲሆን ትርጓሜው በረከት ማለት ነው። የመጀመሪያውንም በሌላው አገር አቦል ሲሉት በወሎ አወል ይሉታል፤ ይህም በዐረብኛ ፊተኛ ማለት ነው። ሥጋ የሌለበት ነገር ነውና ለቡና የማይጠራ ጎረቤት የለም። የእስላሙ ሽማግሌ በረከቦቱ ፊት ዱዓ ሲያደርግ፣ ክርስቲያኑ ለአገር ሰላምና ለዝናም በተለመነው ላይ አሜን ይላል።

የልብስም ነገር ከዚህ አይለይም። ነጩ ሸማ የክርስቲያን ልብስ ሆኖ ይታሰባል፤ ምእመናን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያጣፉታልና፣ በኀዘንም ጊዜ ሴቲቱ የነጠላዋን ጥለት ወደ ፊቷ ታዞረዋለችና። ዳሩ ግን ሸማውን ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ያስደንቃል። በ1660 ዓ.ም. ገደማ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ እስላሞች ከክርስቲያን ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ፤ እነርሱም በንግድና በሽመና ይኖሩ ነበር። ስለዚህ በመንደር የተለየው ሰው የሠራውን ኩታ ክርስቲያኑ ለብሶ ያስቀድስ ነበር። በከሚሴ አቅራቢያም ሾንኬ በሚባለው፣ ቤቱ ሁሉ በድንጋይ በተሠራው የተራራ መንደር የሚኖሩት አርጎቦች እስላሞች ናቸው፤ የአርጎባም ሕዝብ በሽመናና በንግድ ከጥንት የታወቀ ነው። የቆላው ሰው ሽርጥ ያገለድማል፤ ሲበርደው ግን ከደገኛው ጋራ አንድ ዐይነት ጋቢ ይደርባል። በባቲ ገበያም የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ብር በሴቶች አንገት ላይ ጌጥ ሆኖ ይታይ ነበር፤ የባዕድ ንግሥት መልክ የአገር ቤት ሽልማት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማዕድ ብቻውን ሰላምን ይጠብቃል ማለት አይቻልም። በ2011 ዓ.ም.፣ ደግሞም በ2013 ዓ.ም. በዚህ ዞንና በአጎራባቹ በሰሜን ሸዋ ደም ፈሰሰ፤ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ብዙው ክፍሏ ተቃጠለ። አብረው ገበያ የወጡና ቡና የተጠራሩ ሰዎች ተፈራሩ፤ ከሁሉም ወገን የሞተውን ቀብሮ ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ሰው ብዙ ነው። ሽብርም በመጣ ጊዜ አስቀድሞ የሚቋረጠው ገበያውና የጎረቤት ቡና ነው፤ ሲመለስም ሰላሙ በነርሱ ይታወቃል።

እንግዲህ ሕዝብን የሚያስተምሩ ሰዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ሊይዙ ይገባል። አንደኛው፣ በቦሩ ሜዳ እንደ ታየው፣ ሰውን ከአባቱ ማዕድ በግድ ማንሣት ፍሬ የሌለው መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ በአቡነ ማቴዎስ እንደ ታየው፣ የሃይማኖት የሆነውንና የልማድ ብቻ የሆነውን ለይቶ ማወቅ የሊቃውንት ሥራ መሆኑን ነው። ጳጳሱ በሃይማኖት ነገር ሳይላሉ ስኒውን ከውግዘት ነጻ አወጡት፤ ስለዚህም ዛሬ በከሚሴ ካህኑና ሼኩ ባንድ ረከቦት ዙሪያ መቀመጥ ይችላሉ። በአገሩ ልማድ በረካ ሳይጠጣ ከቡና መነሣት ነውር ነው፤ ተኳርፈው የሰነበቱ ጎረቤቶችም እስከዚያ ድረስ አብረው ከቈዩ አብዛኛውን ጊዜ ሳይነጋገሩ አይነሡም።