አንደበት ያጣው ማን ነው? ዝዋርተ ፒት፣ ኅዳር 29 እና ጋምቤላ

የኔዘርላንድ ልጆች በእኛ ኅዳር 26 ግድም ከቅዱስ ኒኮላስ ስጦታ ይቀበላሉ። አሽከሩን ዝዋርተ ፒትን የሚጫወቱት ፊታቸውን አጥቁረው፣ ከንፈራቸውን አቅልተው፣ ከርዳዳ ሰው ሠራሽ ጠጉር ያጠለቁ ነጮች ነበሩ። ጥቁሩን አሽከር እ.ኤ.አ. በ1850 በልጆች መጽሐፍ ያስተዋወቀው የአምስተርዳሙ መምህር ያን ስኬንክማን ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከዮን ሄልስሎት ጋር ነው። ይህ የመርተንስ ተቋም ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 መጣጥፉ ኔዘርላንዳውያን በዝዋርተ ፒት ውስጥ ያለውን ዘረኝነት የሚናገሩበት አንደበት እንዳጡ ጽፏል፤ ሁኔታውንም «ባህላዊ አፌዚያ» ብሎታል። ሐሳቡ ያማልላል፤ ችግሩ አንደበት ለጠፋበት ሰው የምናዝን መሆናችን ነው። ፒትን ነጭ የማድረግ ዕቅድ ገና በ1968 ቀርቦ ነበር። በ1998 ሉሉ ሄልደርና ስኮቲ ግራቨንበርክ ያዘጋጁት መድበል ደግሞ ቅዱሱ ያለ አሽከር ይግባ ሲል በርዕሱ ጠይቋል። ኩዊንሲ ጋሪዮና ጄሪ አፍሪዪ በ2011 «ዝዋርተ ፒት ዘረኝነት ነው» የሚል ካናቴራ ለብሰው ዶርድሬክት ላይ ሲያዙ ጉዳዩ ከአርባ ዓመት በላይ ሲነገር ቆይቷል። ተናጋሪ ሞልቶ ሳለ አፌዚያ ማለት አድማጩን ነጻ ማውጣት ነው።

ወደ እኛ እንምጣ፤ ሌላውን ሕዝብ መድረክ ላይ ማሳየት እዚህም አለ። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው፤ ዐሥረኛው በ2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ተከበረ። ከበዓሉ ውጭም በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች «ጋምቤላ» የአንድ ጭፈራ ስም ሆኗል፤ አኝዋሃ፣ ኑዌር፣ መዠንግር፣ ኦፖና ኮሞ በአንድ ዜማና በአንድ ልብስ ይጠቀለላሉ። ከልብሱ ጋር የሚደረገውን ጨሌ ብቻ እንመልከት። አንትሮፖሎጂስቱ ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 እንደጻፈው፣ አኝዋሃ ዘንድ ዲሙይ የሚባለው ሰማያዊ ዶቃ የጥሎሽ ሀብት ነው፤ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል፣ ያለ እርሱ ጋብቻ አይጸናም። መድረኩ ላይ ግን ጨሌ ሁሉ ጌጥ ነው።

«እኛ ሁላችን ጥቁሮች ነን፤ ነገሩ አይመለከተንም» የሚሉ አሉ። ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2011 መጽሐፉ ጋምቤላ ላይ ደገኛውና የአካባቢው ተወላጅ በቆዳ ቀለምም እንደሚለያዩ አሳይቷል፤ ይህ ይበቃል። «የጋምቤላው ልጅ የሚጨፍረው የራሱን ነው» ለሚሉትም፦ ጭፈራው የራሱ ነው፤ መርጦና አሳጥሮ መድረክ ላይ የሚያወጣው ግን አዘጋጁ ነው። ምሽት ቤት ውስጥማ የሚጨፍረው ብዙ ጊዜ ጋምቤላን ረግጦ የማያውቅ ነው።

ፊት ማጥቆርና ጭፈራ መጠቅለል እኩል ናቸው አላልኩም፤ ንጽጽሩ ገደብ አለው። ኔዘርላንድ ውስጥ ነገሩን የቀየረው ግን አዲስ ቃል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2019 አፔልዶርን ላይ በተካሄደው የቅዱስ ኒኮላስ ብሔራዊ አቀባበል በቴሌቪዥን የታዩት ፒቶች ፊታቸው ጥላሸት ብቻ የነካው ሆኑ፤ የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ አቋሜ ተቀይሯል ያሉት ከዚያ በኋላ፣ በ2020 ነው። መድረኩ ቀደመ፣ የባለሥልጣኑ ንግግር ተከተለ። የኅዳር 29ን ዝግጅት የሚያጠና ሰውም ከንግግሮቹ በፊት የመርሐ ግብሩን ወረቀት ይጠይቅ፤ ለአምስቱ ሕዝቦች ስንት ደቂቃ ተሰጠ፣ ማንስ ወሰነው?