ሰማዩ ሳይከፈል ምድሩ ሲከፈል፦ የሶቪየት ወታደራዊ የኅዋ መርሐ ግብር ከ1991 በኋላ



በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ በፊት ይህን ታሪክ ሳስተምር መነሻዬ የ1992ቱ ድንጋጌ ነበር። በዚያ ዓመት በነሐሴ ወር ሩሲያ ወታደራዊ የኅዋ ኃይሏን በይፋ አቋቋመች። ዛሬ ግን ያ መነሻ አሳሳች ይመስለኛል። ዋናው ጥያቄ የመሬት እንጂ የሠራዊት አደረጃጀት ጥያቄ አልነበረምና።

ሶቪየት ኅብረት በዲሴምበር 1991 ስትፈርስ ሳተላይቶቿ እንደ ወትሮው በምሕዋራቸው ይዞሩ ነበር። ምድር ላይ ያለው መሠረታቸው ግን በበርካታ አገሮች ተበታተነ። ትልቁ የማስወንጨፊያ ጣቢያ ባይኮኑር በካዛኪስታን፣ የዜኒት ሮኬት ፋብሪካ በዩክሬን፣ የሚሳይል ጥቃትን ቀድመው የሚጠቁሙ ራዳሮች ደግሞ በላትቪያ፣ በዩክሬን፣ በአዘርባጃንና በካዛኪስታን ቀሩ። በዚያው ወር መጨረሻ ሚንስክ ላይ የተፈረመው ስምምነት መርሐ ግብሩን በጋራ ለማስቀጠል ያለመ ነበር። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መንግሥት የራሱን ሠራዊት ሲያቋቁም የጋራ ወታደራዊ እዝ የሚለው ሐሳብ መሠረቱን አጣ።

ሩሲያ በሰሜን ፕሌሴትስክ የተባለ የራሷ ጣቢያ እያላት ስለ ምን ሁሉን ወደዚያ አላዛወረችም? መልሱ በመልክዐ ምድር ውስጥ ይገኛል። ፕሌሴትስክ ከምድር ወገብ እጅግ ስለሚርቅ በዋልታዎች በኩል ለሚያልፉ ሳተላይቶች ይመቻል፤ ከምድር ወገብ በላይ ለሚቆሙ ከባድ ሳተላይቶች ግን አይመችም። ከባዱ የፕሮቶን ሮኬት የሚነሣውም ከባይኮኑር ብቻ ነበር። ስለዚህ በ1994 ሩሲያ በሶቪየት ዘመን የተገነባውን ጣቢያ በዓመት 115 ሚሊዮን ዶላር ለመከራየት ተስማማች።

የላትቪያው ስክሩንዳ ራዳር ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነበር። ላትቪያ ራዳሩ እስከ ነሐሴ 1998 ድረስ ብቻ እንዲሠራ ፈቀደች፤ ቀኑ ሲደርስም ተዘጋ። በቤላሩስ የተሠራው ራዳር እስኪተካው ድረስ በምዕራብ በኩል ክፍተት ተፈጠረ። የዚህን አደጋ ክብደት ለመረዳት ጃንዋሪ 1995ን ማስታወስ ይበቃል። ከኖርዌይ የተተኮሰ የሳይንስ ምርምር ሮኬት የሩሲያን የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አስደንግጦ፣ የፕሬዚዳንት የልሲን የኑክሌር ቦርሳ እስከ መከፈት ደርሶ ነበር። አጥርቶ የማያይ ራዳር የሚያስከትለው ጥፋት ከአንድ አገር ድንበር ያልፋል።

በዚህ መካከል አደረጃጀቱ ደጋግሞ ተለወጠ። የኅዋው ኃይል በ1997 ከስትራቴጂካዊ ሮኬት ኃይል ጋር ተዋሐደ፤ በ2001 እንደገና ተለየ። በእነዚሁ ዓመታት በ1995 24 ሳተላይቶች የነበሩት የግሎናስ አቅጣጫ ጠቋሚ ሥርዓት፣ ያረጁት ሳይተኩ ቀርተው ከዐሥር በታች ወረደ።

እንግዲህ የአንድን ሠራዊት ስም በአንድ ቀን ድንጋጌ መለወጥ ይቻላል። በ1990ዎቹ የታቀደው የአንጋራ ሮኬት ግን ከፕሌሴትስክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው በ2014 ነው። የመንግሥታትን መፍረስ የምታጠኑ ሁሉ ድንጋጌዎቹን ከማንበባችሁ በፊት ካርታውን እንድትዘረጉ አደራ እላለሁ።